ሙያ በልብ ሲቀር

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997፣ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል፣ ጃፓን ካሪያ ከተማ የሚገኝ የመኪና ዕቃ ሠሪው የአይሲን ሴይኪ ኩባንያ አንድ ፋብሪካ በእሳት ጋየ። ፋብሪካው ከሚያመርታቸው ዕቃዎች አንዷ በመዳፍ የምትያዝ ቫልቭ ነበረች። መኪና ፍሬን ሲይዝ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን ግፊት እየመጠነች መኪናው እንዳይንሸራተት የምታደርግ፣ ዋጋዋ ከመኪናው ዋጋ አጠገብ ከቁጥር የማይገባ ዕቃ ናት። ችግሩ ቶዮታ ይህቺን ቫልቭ ከሞላ ጎደል ከዚሁ ከአንድ ፋብሪካ ብቻ የሚያገኝ መሆኑ ነው። ቶዮታ ደግሞ ያን ጊዜ ዕቃ በመጋዘን አያከማችም ነበር፤ ለሰዓታት የሚበቃው ብቻ እየመጣ ይገጠም ነበር። ቅዳሜ የተነሣው እሳት ረቡዕ ሲደርስ በቀን 15 ሺህ ያህል መኪና የሚያወጡትን የቶዮታ የጃፓን ፋብሪካዎች ከሞላ ጎደል አስቁሟቸው ነበር።

ብዙዎች ምርቱ ለሳምንታት እንደሚቆም ገመቱ። አይሲን ግን ጭሱ ሳይጠፋ የቫልቯን ንድፍ በፋክስ መላክ ጀመረ። ላከ የምለው ለራሱ አቅራቢዎች፣ ለቶዮታ ሌሎች አቅራቢዎች፣ ለእነሱም አቅራቢዎች ነው፤ አንዳንዶቹ በአዘቦት ቀን የአይሲን ተፎካካሪዎች ናቸው። 60 ያህል ድርጅቶች ቫልቯን ራሳቸው ለመሥራት ተነሡ። መሣሪያ በማበጀትና በሌላ በሌላውም የተሰለፉት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከ200 ያልፋል።

ንድፍ ግን ልክን እንጂ አሠራርን አይናገርም። አይሲን ቫልቯን የሚሠራው ለእሷ ብቻ በተበጁ ማሽኖች ነበር፤ ማሽኖቹ ተቃጥለዋል። ሌሎቹ እጅ ላይ ያለው ማንኛውም የብረት ሥራ ቤት ያለው ዓይነት ማሽን ነው። በዚህኛው ማሽን ላይ ቫልቯ በየት በኩል ተይዛ፣ ከየት ተበስታ፣ ስንቴ ተገልብጣ እንደምትሠራ የአይሲን መሐንዲሶችም አያውቁም። ስለዚህ ሁሉም የየራሱን መንገድ ፈለገ፣ ያገኘ ላላገኘው አካፈለ። የልብስ ስፌት ማሽን ሠሪው ብራዘር እንኳ የመኪና ዕቃ ሠርቶ ሳያውቅ አንድ ማሽኑን ለውጦ ገባበት። የመጀመሪያዎቹ ቫልቮች እሳቱ በተነሣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደረሱ። በቀጣዩ ሳምንት ቶዮታ ወደ ወትሮው ምርቱ ተቃርቦ ነበር።

እኔን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ አንድ ሌላ ነገር ነው። ሥራው ሲጀመር ስለ ዋጋ የተደራደረ የለም። ወጪያቸውን አይሲን ቆይቶ ከፈለ፤ ቶዮታም በቀጥታ ለሚያቀርቡለት ድርጅቶች በዚያ ሩብ ዓመት ለእሱ የሸጡትን አንድ በመቶ ያህል ጉርሻ ሰጠ። ያን ጊዜ ግን ይህ ይሆናል ብሎ የፈረመላቸው ሰው አልነበረም። ታዲያ ምን አምነው ነው ማሽናቸውን አቁመው ወደ ጎረቤት እሳት የሮጡት?

መልሱ ከእሳቱ በፊት ባሉት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ነው። የቶዮታ አቅራቢዎች ኪዮሆካይ የሚባል ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ የተለያዩ አቅራቢዎች መሐንዲሶች በቡድን እየሆኑ አንዱ የሌላው ፋብሪካ ወለል ላይ እየወረዱ የሚጠና ችግር መርጠው አብረው የሚፈቱበት ልማድ ተጀመረ። ዛሬ አንተ ቤት፣ ቀጥሎ እኔ ቤት። ቶዮታ ራሱ አዋቂዎቹን እየላከ በነጻ ያስተምራል፤ የሚያስከፍለው ዋጋ አንድ ነው፣ የተማረው ፋብሪካ ደጁን ለሌሎች ከፍቶ ያሳያል። ደጅ የሚዘጋ ከማዕዱ ይቀራል። እንዲህ የኖሩ ሰዎች እሳት ሲነሣ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ ማንን መጥራት እንዳለባቸው ያውቃሉ። ወረቀቱ በፋክስ ሄደ እንጂ ወረቀቱን የሚያስነብበው እውቀት አስቀድሞ ተዘርቶ ነበር።

እኛ ቤት «ሙያ በልብ ነው» ይባላል። አባባሉ ሥራን ከወሬ ማስቀደሙ መልካም ነው። የሚያስቀረው ነገር ግን አለ። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ለዘመናት በሙያቸው ሲሰደቡ፣ ቡዳ ሲባሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ የቱን ያህል ሥር እንደሰደደ ስላዩ ነው። የተናቀ ሰው ሀብቱ ሙያው ብቻ ነው፤ ለልጁ እንጂ ለባዕድ አይገልጠውም፣ መደበቁም አያስወቅሰውም። ስድቡ ከከተማው የሥራ ቦታ ዛሬ በአብዛኛው ጠፍቷል። ድብቅነቱ ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ መጥቶ ከፋብሪካ ወለላችን ላይ አሁንም አለ ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ክረምት መርካቶ ውስጥ አንድ ትንሽ የጫማ ሥራ ቤት ሁለት ቀን ተቀምጬ ነበር። ስድስት ሠራተኛ፣ ሁለት የስፌት ማሽን፣ አንድ መጫኛ። ባለቤቱ አንድ ነገር ያንገበግበዋል፤ ሁለት ክረምት ሙሉ ከሰኔ ወዲያ የተሸጡ ጫማዎች ሶላቸው እየተላቀቀ ይመለስበታል። የማስቲሽ አቅራቢውን ሁለቴ ቀይሯል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይወደዳል፣ ጫማው ግን መመለሱን አልተወም።

ሶል የሚለጥፈው ሰው በሥራው 20 ዓመት ያስቆጠረ፣ ዝምተኛ ነው። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጁን አየሁ። የቆዳውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ይቀባል። ከዚያ ይጠብቃል። የሚጠብቀውን ጊዜ በሰዓት አይለካም፤ በጣቱ ጀርባ የተቀባውን ነካ ያደርገዋል። ጣቱ ላይ ክር እየመዘዘ ከተነሣ ገና ነው፤ ሳይከተለው ከለቀቀው ደርሷል፣ ያኔ ገጥሞ ይጫናል። በበጋ ይህ ጥቂት ደቂቃ ነው። በክረምት አየሩ እርጥብ ነው፣ ቆዳውም እርጥበት ጠጥቷል፤ ማስቲሹ ከላይ የደረሰ ይመስልና ከሥር ገና ይሆናል። «በክረምት እጥፍ መጠበቅ አለበት» አለኝ። ታዲያ ለምን አይጠብቅም? የሚከፈለው በጥንድ ነው። በጠበቀ ቁጥር የልጆቹን ምሳ ይቆርጣል። ይህን ለባለቤቱ ነግሮት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝና «ማን ጠየቀኝ?» አለ።

እዚህ ቤት ፈጠራ የጠፋው እውቀት ጠፍቶ አይደለም። እውቀቱ ከማስቲሹ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቱ ሁለት ክረምት ሙሉ በገንዘቡ የፈለገው መልስ በየቀኑ ደህና ዋል ብሎት ይሄዳል። መልሱን ከሰውየው ጣት ወደ ባለቤቱ ጆሮ የሚያደርስ መንገድ ነው የሌለው። መንገዱን የዘጋው ደግሞ የክፍያው ስሌት ራሱ ነው፤ በጥንድ የሚከፈል ሰው ስለ ጥራት ያወቀው ነገር ሁሉ በራሱ ኪስ ላይ ይመጣበታል።

ስለ ፈጠራ በየስብሰባው ሲወራ የሚነሣው ማሽን፣ ብድርና የውጭ ምንዛሪ ነው። ሦስቱም ያስፈልጋሉ፣ አልክድም። ግን አዲስ ማሽን የገባበት ፋብሪካ ማሽኑ ለምን በሳምንት ሁለቴ እንደሚቆም የሚያውቀው አንድ ኦፕሬተር ብቻ ከሆነ፣ እሱም ካልተጠየቀ፣ የተገዛው ብረት ነው።

ካይዘን የሚባለው፣ ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ ወደ አገራችን የገባው ይህንኑ ለመፍታት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓንን ድጋፍ ጠየቁ፤ በ2009 የጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት በሆነው በጃይካ እገዛ በ30 ፋብሪካዎች ሙከራው ተጀመረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በየፋብሪካው ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያሉ የሚቀጥሉት «አምስቱ ማዎች» ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፣ ወለል ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፣ የልማት ቡድን ተዋቅሯል። ጥቅሙን አይቻለሁ፤ መፍቻ ፍለጋ ግማሽ ቀን የሚባክንበት ቤት ዕቃው ቦታ ቦታውን ሲይዝ ሥራው በአንድ ሳምንት ይለወጣል።

ነገር ግን ጽዳቱ የካይዘን ደጅ እንጂ ቤቱ አይደለም። ቤቱ ሠራተኛው «ይህ እንዲህ ቢሆን» ብሎ የሚናገርበት፣ የተናገረው የሚሞከርበት፣ ተሞክሮ ባይሳካም የማይወቀስበት ሥርዓት ነው። ብዙ ቦታ ከደጁ አልፈን አልገባንም። የሐሳብ መስጫ ሳጥን የተሰቀለበት፣ ቁልፉ የት እንዳለ ግን የሚያውቅ ሰው የሌለበት ፋብሪካ አይቻለሁ። ሠራተኛው አንዴ ጽፎ መልስ ካጣ ሁለተኛ አይጽፍም። ፎርማኑም ከሥሩ ያለው ሰው ከእሱ የተሻለ ሐሳብ ሲያመጣ ቦታዬን ያሳጣኛል ብሎ ከሰጋ ሐሳቡ እሱ ጋ ይቀራል። ይህን ፍርሃት ሥልጠና ብቻውን አያነሳውም። የፎርማኑ እድገት በሥሩ ባሉት ሰዎች ሐሳብ ብዛት ቢለካ ግን ያነሳዋል።

ወደ መርካቶ ልመለስ። የአዲስ አበባ ጫማ ሥራ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አርመናውያን ነጋዴዎች ካቋቋሟቸው ፋብሪካዎች ይመዘዛል። እንደ አንበሳና ጥቁር ዓባይ ባሉት ፋብሪካዎች የሠሩ ሰዎች እየወጡ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ፤ እነሱ ጋ የተማሩት ደግሞ የራሳቸውን። ለሰፈሩ ትምህርት ቤቱ ይኸው ነበር። ሠራተኛ ለቆ ሲወጣ ባለቤቱ «አስተምሬ ተነጠቅሁ» ይላል፣ ስሜቱም ይገባኛል። ሰፈሩን ሰፈር ያደረገው ግን ያ መውጣትና መክፈት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙ ቤቶች ተዘጉ። የተረፉት ቁሳቁሳቸውንና ሞዴላቸውን አሻሽለው የአገር ውስጡን ገበያ መልሰው ያዙ፤ ከእነሱም ውስጥ አድገው ወደ ጣሊያን ጫማ እስከ መላክ የደረሱ ተገኙ።

ይህ ቀላል ድል አይደለም። ያዳናቸውም ቅርበታቸው ነው ብዬ አስባለሁ። ሶል ሻጩ፣ ቆዳ ሻጩ፣ ሰፊውና ነጋዴው አንድ ሰፈር ሲሆኑ ገበያ ላይ የወጣ አዲስ ሞዴል በሳምንቱ በየቤቱ አለ። ዳሩ ግን በዚህ መንገድ የሚተላለፈው በዓይን የሚታየው ብቻ ነው። የጫማው ቅርጽ ይቀዳል፤ ጫማው ለምን እንደማይላቀቅ አይቀዳም።

ከዚያ ሥራ ቤት ግድግዳ ማዶ ሌላ ጫማ ሠሪ አለ። እንደ ዋዛ ገባሁ። ጥግ ላይ ከኮምፐንሳቶ የተሠራ ሳጥን ቆሟል፣ ቁም ሣጥን ያህላል። ውስጡ ሁለት የድሮ ዓይነት አምፖሎች ይበራሉ፣ ከላይ በኩል ቀዳዳዎች አሉት። ቆዳና ሶሉ ማስቲሽ ከመቀባቱ በፊት እዚያ ገብቶ ያድራል፤ ጠዋት ደረቅና ለብ ያለ ሆኖ ይወጣል። ሰውየው ይህን ካበጀ ሦስተኛ ክረምቱ ነው፤ የተመለሰበት ጫማ በጣት ይቆጠራል። ሐሳቡን ከየት አገኘው? እህቱ ጫጩት የምታሳድግበትን ሳጥን አይቶ። ጎረቤቱ በዚሁ ችግር ሁለት ክረምት ሲቃጠል የሰማው ነገር እንዳለ ጠየቅሁት። ሰምቷል። መጥቶ ቢጠይቀው እንደሚያሳየው ነገረኝ፣ አመንኩትም። ጎረቤቱ ግን ችግሬን ከነገርኩት ደንበኛዬን ይወስዳል ብሎ ይሰጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ቆርቆሮ ነው።

የጃፓኑን ማኅበር የማነሳው ለዚህ ነው። ተፎካካሪ ከተፎካካሪው ጋር የሚማማረው በደግነት ብቻ አይደለም፤ አንድ ሦስተኛ ወገን «እዚህ ላይ ተማማሩ፣ እዚያ ላይ ተፎካከሩ» ብሎ መስመር ሲያሰምርና ራሱም ሲጠቀምበት ነው። እዚያ ያ ወገን ዕቃውን የሚገዛው ቶዮታ ነበር። መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ገዢ የለም፤ ነጋዴው ዋጋ ይሰብራል እንጂ ሶል እንዴት እንደሚለጠፍ አይገደውም። ይህን ቦታ ሊይዝ የሚችለው የሰፈሩ ማኅበር ወይም የመንግሥት ተቋም ነው። ለማሽን ብድር፣ ለሥራ ቦታ ኪራይ፣ ለኤግዚቢሽን ድጋፍ ሲሰጥ አንድ ቅድመ ሁኔታ ቢጨመር እወዳለሁ፤ ያሻሻልከውን አንድ ነገር በዓመት አንዴ ወለልህ ላይ ለአሥር ጎረቤት አሳይ። ሞዴሉንና የደንበኛ ስሙን ለራሱ ያኑር።

ከውጭ ኩባንያ የሚመጣው እውቀትስ? ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ እውቀት ይሸጋገራል የሚል ትልቅ ተስፋ ነበር። ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ስፌት ተማሩ፣ ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሠራተኛው የቤት ኪራይ ከፍሎ መኖር ሲያቅተው ይለቃል፣ በለቀቀ ቁጥር ጣቱ የተማረውን ይዞ ይሄዳል፣ ፋብሪካው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ንድፉ፣ የጨርቁ ግዢ፣ የዋጋው ስሌት፣ ከሱቆቹ ጋር ያለው ድርድር ደግሞ መጀመሪያውኑ እዚህ አልነበረም። እዚህ የነበረው መስፋቱ ነው። በኖቬምበር 2021 የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በፓርኩ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በጃንዋሪ 2022 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ከአጎዋ ተጠቃሚነት ወጣች። ገዢው ሲሄድ ገበያውን እንዴት እንደሚያገኙት የሚያውቀው ክፍልም አብሮ ሄደ።

ሁለተኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ሲቋቋም አብራሪዎቹ፣ ሜካኒኮቹና ሥራ አስኪያጁ ቲደብሊውኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የመጡ ነበሩ። ነገር ግን ፈረንጁ ኢትዮጵያዊውን እያስተማረ ቦታውን እንዲለቅ ከጅምሩ ታስቦበታል። የሜካኒክና የአብራሪ ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን አዛዥ ሆኑ። በ1971 ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። አንድ ትውልድ ፈጅቷል፤ ማንም አላጣደፈውም፣ ማንም ግን አልረሳውም። ዛሬ አየር መንገዱ የሌሎች አፍሪካ አገሮችን አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች ያሠለጥናል፤ እንደ ቶጎው አስካይ ያሉ አየር መንገዶችም ሲቋቋሙ እጁ አለበት።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በመንግሥት ድርጅትነትና በግል ድርጅትነት የሚያስረዱ አሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። አየር መንገዱ ውስጥ የሚቀበል ሰው አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። አሜሪካዊው ሜካኒክ ሞተር ሲፈታ አጠገቡ የቆመው ወጣት የሚያየውን ነገር የሚረዳበት ትምህርት ነበረው፣ ነገም እዚያው እንደሚሠራ ያውቃል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያ ሰው ቦታ እንደሚቆም ያውቃል። እውቀት የሚተላለፈው ለሚቆይ ሰው ነው። በወር 26 ዶላር የሚቆይ ሰው ጥቂት ነው። ከውጭ ባለሀብት ጋር በሚፈረም ውል ውስጥ ስንት ሰው ይቀጠራል ከሚለው ቁጥር ጎን በስንት ዓመት የትኛው የሥራ ቦታ በኢትዮጵያዊ እንደሚያዝ በስም በስሙ ይጻፍ የምለው ለዚህ ነው፤ የንድፍ ክፍሉ፣ የግዢ ክፍሉ፣ የጥራት ኃላፊው።

በግንቦት ወር እዚያ የጫማ ሥራ ቤት ዳግም ብቅ ብዬ ነበር። ባለቤቱ በመጨረሻ ግድግዳውን ዞሮ ሄዷል። በሩ አጠገብ አዲስ የኮምፐንሳቶ ሳጥን አለ፤ ከጎረቤቱ ሳጥን ትንሽ ይተልቃል፣ አምፖሉም ሦስት ነው። ያን ዝምተኛ ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ሲያማክረው አገኘሁት፤ ሰውየው ከታችም በኩል ቀዳዳ ቢኖር እርጥበቱ የተሻለ እንደሚወጣ በእጁ እያሳየው ነበር። አንድ ነገር ገና አልተቋጨም። ሰውየው ለሐምሌና ለነሐሴ በጥንድ ሳይሆን በቀን ሒሳብ እንዲከፈለው ጠይቋል። ባለቤቱ በካልኩሌተሩ ደጋግሞ ደምሮታል፣ ባለፈው ክረምት የተመለሱትንም ጫማዎች ከደብተሩ ቆጥሯቸዋል። ሰኔ ሳይገባ መልስ እሰጣለሁ ብሎታል።